አሳል በሳሎን ውስጥ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አበው። ተረቱ የተነገረው በክረምት ወንዝ ለሚሻገር መንገደኛ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱን ሲነካው የሚያቀዘቅዘው፣ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ የሚያጫውተው፣ ወገቡን ሲይዘው ግን መመለሻ የሚያሳጣው ውሃ አለና። በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ 2 በሚገኝ የአንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ሳሎን ውስጥ ውሃ ይህንኑ ጠባዩን አሳይቷል። ውሃው የወንዝ አልነበረም፤ 100 ሊትር ያህል በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ ነበር። ወዴትም አልፈሰሰም፤ አልደፈረሰም፤ አልሸተተም። ባለበት ቆሞ፣ ጥርት ብሎ እየታየ፣ በውስጡ የሚኖሩትን አንድ በአንድ ወሰዳቸው።

የቤቱ እመቤት ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ወደ ጅቡቲ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ የቀድሞው ምድር ባቡር ገና መንገደኛ ያመላልስ በነበረበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ የጅቡቲ ሴቶች የሚለብሱትን ስስ ድሪዕ፣ ለመኖሪያ ቤትና ለቢሮ የሚሆን መጋረጃ፣ ለሐበሻ ሠርግ ደግሞ የሚዜ ልብስ እየሰፉ ኖረዋል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ያሳደጉት አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ በሰፈር ሶማሊኛ፣ ከእናቱ ጋር አማርኛ የሚናገር፣ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ በሦስት ቋንቋ የሚያስብ የከተማዋ ልጅ ነው።

ገንዳው ወደዚህ ቤት የገባው በጁላይ 2018 ነበር። የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ያሽግ የነበረ አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ከወይዘሮዋ ጋር የመጋረጃ ሒሳቡን ሲዘጋ፣ እናቱን ተከትሎ የሄደው ልጅ ጥግ ላይ ከቆመው የዓሣ ገንዳ ዓይኑን መንቀል አቃተው። «ይዘኸው መሄድ ከቻልክ ያንተ ነው» አሉት። ገንዳው በታክሲ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ ስምንቱ ዓሦች ደግሞ በግማሽ ባልዲ ውሃ ውስጥ ሆነው በልጁ ጉልበቶች መካከል ተይዘው መጡ።

«ምንድን ናቸው?» አሉ እናቱ ወደ ባልዲው አጎንብሰው።

«ፑዋሶን ሻ ናቸው፣ እማዬ። የድመት ዓሣ ማለት ነው። ጢማቸውን አየሽው?»

«አምባዛ በለኛ! ቅርፊት የሌለው ዓሣ እኔ ቤት አይገባም።»

«የሚበላ አይደለም እኮ፤ የሚታይ ነው።»

«የማይበላ ዓሣ ደግሞ ማን ይቀልባል!» ብለው ሳቁ። ይሁን እንጂ ከስፌት መኪናቸው ፊት ለፊት ያለውን ጠረጴዛ ጠርገው ለገንዳው ቦታ የሰጡት ራሳቸው ነበሩ።

ወይዘሮዋ ብዙም አልተሳሳቱም። ጣናን ወይም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አምባዛን ያውቃል፤ በኦሪት ሕግ ቅርፊት የሌለው ዓሣ የተከለከለ በመሆኑም ብዙ ምእመን በማዕዱ ላይ አያቀርበውም። በባልዲው የመጡት ግን የአምባዛ የሩቅ ዘመዶች፣ ርዝመታቸው ከሰባት ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይዘል የደቡብ አሜሪካ ወንዞች ተወላጆች ናቸው። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላሴፔድ በ1803 ይህን የዓሣ ወገን ኮሪዶራስ ብሎ ሲሰይመው፣ ስሙን ያወጣው የራስ ቁርና ቆዳ የሚል ፍች ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ነበር፤ ጎናቸው እንደ ጥሩር በተደራረበ ሁለት ረድፍ አጥንታዊ ሰሌዳ የተሸፈነ ነውና። በዚህ ሳሎን የገቡት ነሐስማ መልክ ያላቸው ሲሆኑ፣ በሳይንስ መዝገብ መጀመሪያ የተገለጹት በ1858 ከትሪኒዳድ ደሴት በተገኙ ዓሦች ነው። በ2024 ተመራማሪዎች ሰፊውን የኮሪዶራስ ወገን በበርካታ ወገኖች ሲከፋፍሉት ነሐስማዎቹ ኦስቲዮጋስተር የሚል አዲስ ስም ደርሷቸዋል። ዓሣ የሚያኖር ሰው ግን ዛሬም ኮሪዶራስ እያለ ይጠራቸዋል።

ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከገንዳው ፊት አልተነሣም። ዓሦቹ ቀኑን ሙሉ በጢማቸው አሸዋውን እየዳሰሱ ምግብ ይፈልጋሉ። ድንገት አንዱ እንደ ቀስት ወደ ላይ ይወረወርና ከውሃው ገጽ አየር ጎርሶ ይመለሳል። የዋጠው አየር በአንጀቱ የኋለኛ ክፍል ሲያልፍ ኦክስጅኑ ወደ ደሙ ይገባል፤ ውሃው በሞቀና ኦክስጅን ባነሰው ጊዜ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። ዓይናቸውን ወደ ታች አንከባለው ሲመልሱት ደግሞ ሰውን የሚጠቅሱ ይመስላሉ። ወይዘሮዋ አንድ ቀን ከስፌታቸው ቀና ብለው፣ «ይሄ ባለጌ ጠቀሰኝ!» ማለታቸው በቤቱ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሲያስቅ ኖረ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ማኅበራቸው ነው። ኮሪዶራስ ብቻውን የሚኖር ፍጥረት አይደለም፤ የሚያውቁት ሰዎች ሲመክሩ ቢያንስ ስድስት ሆነው ይኑሩ ይላሉ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል፤ አንዱ ከቅጠል ጥላ ሥር ሲያርፍ ሌሎቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። እየተጓዙም በአካላቸው እርስ በርስ ይነካካሉ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት ይህ መነካካት እንዲሁ ጨዋታ እንዳልሆነ፣ ዓሦቹ እንቅስቃሴያቸውን ለማስማማት እንደሚጠቀሙበት አሳይተዋል። የማይተዋወቁ ዓሦች ሲገናኙ መነካካታቸውን ያበዙታል፤ በዚህም አብረው ለመሄድ ይችላሉ። እንግድነት በእነርሱም ዘንድ ተጨማሪ ጥረት የሚጠይቅ ነገር ነው ማለት ነው።

ልጁ ለዚህ ማኅበር ሲል ደክሟል። በየሳምንቱ ከገንዳው ሩቡን ውሃ በቱቦ እየሳበ ያወጣል፤ በምትኩም ጨው የተጣራለት ውሃ በጀሪካን ገዝቶ፣ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ፣ ከቧንቧው ጋር ቀላቅሎ ይጨምራል። እናቱ ይህን ሲያዩ አልወደዱም።

«ዓሣ ሃይላንድ ይጠጣል እንዴ?» አሉት አንድ ቀን። «እኛ የቧንቧውን በሻይ እያሳለፍን ስንጠጣ፣ አምባዛህ የሱቅ ውሃ ያምረዋል?»

ልጁ ሳቀና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑን የሚያመጣው እናቱ ለሥራ በወጡበት ሰዓት ሆነ።

በኦገስት 2019 መጨረሻ ወደ ፈረንሳይ ለትምህርት ሄደ። በሄደበት ዋዜማ ሌሊት የዓሦቹን ምግብ መጠን፣ ማጣሪያው የሚታጠብበትን ቀን፣ የመብራቱን ሰዓት ሁሉ ለእናቱ አስረዳ። ስለ ውሃው ግን የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ሲጎድል ሙዪው»። እናትም ቃሉን እንደ አደራ ተቀበሉ። በየማለዳው ከጸሎት በኋላ ገንዳውን ያያሉ፤ ውሃው ከምልክቱ ዝቅ ብሎ ካገኙት ከቧንቧ ቀድተው ይሞላሉ። አንድ ቀንም አላጎደሉም።

የጅቡቲን በጋ የሚያውቅ ሰው የዚያን ጊዜ የሳሎኑን ሙቀት ለመገመት አይቸገርም። ከጁን እስከ ኦገስት ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ሴፕቴምበር ሲገባ ደግሞ ነፋሱ ረገብ ብሎ ወበቁ ይተካል። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ የሚይዘው ጨው አልባ ውሃ፣ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 7.5 ገደማ ብቻ ነው። ልጁ ለዚህ መላ ትቶ ነበር የሄደው፤ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ በገንዳው አፍ ላይ አዘንብሎ አስሯል። ነፋሱ የውሃውን ገጽ ሲመታው ትነቱ ይጨምራል፤ ትነትም ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የድሬዳዋ ሰው እንስራን በጥላ ሥር አስቀምጦ የመጠጥ ውሃ የሚያቀዘቅዝበት ብልሃት ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ዓሣ የሞተው በሴፕቴምበር አጋማሽ ነበር። ወይዘሮዋ ማለዳ ሲነሡ በአሸዋው ላይ በጎኑ ተኝቶ አገኙት። ሙቀት ነው ብለው ማራገቢያውን ከፍ አደረጉት። ውሃውም ይበልጥ ጎደለ፤ እርሳቸውም ይበልጥ ሞሉት። በኦክቶበር ሁለት ሞቱ። ከዚያ ደግሞ አንድ፤ ከዚያም ሌላ አንድ። ስምንቱ ሦስት ሲሆኑ የቀሩት ጠባያቸው ተለወጠ። አሸዋ መዳሰሱን ትተው ከማጣሪያው ጀርባ ተደበቁ። ጉዞ የለም፤ መነካካት የለም። የስፌት መኪናው ሲቆም ሳሎኑ ውስጥ የሚሰማው የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ሆነ።

ልጁ በየእሑዱ ይደውላል።

«እማዬ፣ ዓሦቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፤ ይበላሉ።»

ይህን መልስ ሲሰጡ ውሸት ተናገርሁ ብለው አላሰቡም። ልጁ በማያውቀው አገር፣ በብርድ፣ በአዲስ ትምህርት ላይ ነው። ስለ ዓሣ ሞት ነግረው ሊያሳዝኑት አልፈለጉም። ነገር ግን እሑድ ሲደርስ ስልኩ ከመጮኹ በፊት ልባቸው ይመታ ጀመር።

ነገሩን የፈቱላቸው ምድር ቤት የሚኖሩት ሐጂ ናቸው። አዛውንቱ ከታጁራ ወገን የሆኑ አፋር ሲሆኑ፣ በጋላፊ መስመር ብዙ ዘመን የጭነት መኪና ስለነዱ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ። በኖቬምበር አጋማሽ አንድ ከሰዓት በኋላ ሽርጣቸውን ሊያሳጥሩ ወጥተው፣ ስፌቱ እስኪያልቅ ከገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። ገንዳውን ካዩ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው በመስታወቱ ጠርዝ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር በጥፍራቸው ፋቁ፤ ወደ ምላሳቸውም ወሰዱት።

«ኧረ ሐጂ፣ ኖራ ነው! በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ፤ ተመልሶ ይወጣል» አሉ ወይዘሮዋ ደንግጠው።

«ኖራ ብቻ አይደለም፣ እህቴ። ጨው ነው።»

«እኔ ጨው አላደረግሁበትም።»

«አሳልም ላይ ጨው ያደረገ ሰው የለም» አሉ ሐጂ።

አሳል ከከተማዋ በስተምዕራብ የሚገኝ፣ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ ዝቅተኛው ሥፍራ ነው። ሐጂ ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ግመሎች እየተከተሉ ከዳርቻው ጨው ጭነዋል። ከአጠገቡ ካለው የጉቤት ባሕር ውሃ በእሳተ ገሞራው ዐለት ስንጥቅ እየሰረገ ወደ አሳል ይገባል፤ ከአሳል ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የሚወጣው ትነት ብቻ ነው። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፤ ጨውን ግን ትታው ትሄዳለች። እንዲህ እየሆነ ብዙ ሺህ ዓመት ሲያልፍ ሐይቁ ከባሕር አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ሆነ፤ ዳርቻውም በነጭ ሰሌዳ ተሸፈነ።

ሐጂ ይህን ሲናገሩ ወይዘሮዋ ጣታቸውን እየቆጠሩ ነበር። በቀን ሁለት ሊትር ያህል ይጨምራሉ። በ50 ቀን 100 ሊትር ይሆናል፤ ማለትም ገንዳው ሌላ አንድ ሙሉ ገንዳ ውሃ ጠጥቷል። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ደግሞ 75 ቀን ያህል ነው። ውሃው በየቀኑ ተንኖ ሄዷል፤ ከቧንቧው ጋር የመጣው ጨው ግን አንዲት ፍሬ ሳትጎድል በውስጡ ቀርታለች። ገንዳው ጥርት ብሎ እየታየ ጨውነቱ ከሁለት እጥፍ በላይ አድጓል። ለማቀዝቀዝ የተቀመጠው ማራገቢያም ጥፋቱን ያፋጥን ነበር።

የጅቡቲ ውሃ ታሪክ ራሱ የጨው ታሪክ ነው። ከተማዋ ለብዙ ዘመን የኖረችው ከሥሯ ባለው የጥቁር ዐለት የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከጉድጓዶቹ ብዙ በተቀዳ ቁጥር የባሕሩ ውሃ ወደ ውስጥ እየገፋ ጨዋማነቱን ጨመረው። በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከአዲጋላ አካባቢ የሚነሣው የውሃ መስመር ተመረቀ፤ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ያህል እንዲያደርስ የታቀደ ነው። በ2021 ደግሞ በዶራሌ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ ጨው አውጥቶ የሚያጣራ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከተማ በዚህን ያህል ድካም የሚታገለውን ጨው፣ አንዲት እናት በየማለዳው በጆግ ወደ ሳሎናቸው ሲያስገቡ ከርመዋል።

ለመሆኑ ጨው ለዓሣ ባዕድ ነውን? ይህ በዓሣው ላይ የተመሠረተ ነው። በጅቡቲ ዳርቻ ባለው ባሕርም መንጋ የሚሠራ የድመት ዓሣ አለ። ነጫጭ ሰንበር ያለበት፣ ገና ጫጩት ሳለ በመቶ እየሆነ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ የሚጓዝ፣ መርዛም እሾህ ያለው ዓሣ ነው። እርሱ ከጅራቱ ወገን ትርፍ ጨውን ከደሙ አጣርቶ የሚያወጣበት ልዩ አካል ተሰጥቶታል። የወንዝ ልጅ የሆነው ኮሪዶራስ ግን ይህ የለውም። የእርሱ ኩላሊት የተሠራው በተቃራኒው፣ ጨው ከሌለበት ወንዝ ወደ ሰውነቱ ያለማቋረጥ የሚገባውን ውሃ ቀድቶ እንዲያወጣ ነው። በዙሪያው ያለው ውሃ እየጨወየ ሲሄድ ሚዛኑ ይዛባል፤ ሙቀት ሲጨመርበትም አቅሙ ያልቃል። ሁለቱም የአንድ ነገድ ልጆች ናቸው፤ አንዱ በሚኖርበት ውሃ ሌላው ይሞታል።

በዚያ ምሽት እሑድ እስኪደርስ አልጠበቁም፤ ራሳቸው ደወሉ።

«ሦስት ቀርተዋል» አሉ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

ወዲያ ማዶ ዝም አለ።

«መቼ ሞቱ?»

«ከሴፕቴምበር ጀምሮ፤ አንድ አንድ እያሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

«አዲስ አገር ነህ፤ ላሳዝንህ አልፈለግሁም። አንተስ? ውሃ እንደሚቀነስላቸው፣ ውሃ እንደሚገዛላቸው ለምን አልነገርከኝም?»

ልጁ ለመመለስ ጊዜ ወሰደ።

«ዓሣ ሃይላንድ ይጠጣል እንዴ ብለሽኝ ነበር። እኔ ከሄድሁ በኋላ ወጪ እንዳላበዛብሽ ብዬ ነው። እስክመለስ ይቆያሉ ብዬ ነበር።»

እናት ለልጅ አዝነው የሆነውን ደበቁ፤ ልጅም ለእናት አዝኖ የሚያስፈልገውን ደበቀ። ዓሦቹ በሁለቱ ርኅራኄ መካከል አለቁ። በስደት የሚኖር ሰው ይህን ነገር ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። በየስልኩ «ደህና ነኝ፤ ምንም አልጎደለብኝም» እየተባለ ይሞላል፤ የሚቀነስ ግን የለም። ያልተነገረው የቤት ኪራይ፣ ያልተነገረው ሕመም፣ ያልተነገረው ኀዘን እንደ ጨው ከታች ይቀራል፤ ከላይ ሲታይ ግን ውሃው ጥርት ያለ ነው። በዚያ ምሽት እናትና ልጅ ከአንድ ሰዓት በላይ ተነጋገሩ። ልጁ በአዲሱ አገር የሚያናግረው ሰው እንዳላገኘ፣ ምሳውን ብቻውን እንደሚበላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። እናትም ዓይናቸው እየደከመ መርፌ ማስገባት እንዳቃታቸው ነገሩት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ተጀመረ። ልጁ በስልክ አጥብቆ ያስጠነቀቀው ስለ ችኮላ ነበር። ከጨዋማ ውሃ ድንገት ወደ ጣፋጭ ውሃ የሚገባ ዓሣ ሰውነቱ ለውጡን መቋቋም ስለሚያቅተው፣ በመድኃኒቱ ራሱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጆግ ማውጣት፣ በምትኩም ያንኑ ያህል ጨው የወጣለት ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ መጨመር ነበረባቸው። ወይዘሮዋ የመጀመሪያውን ጀሪካን ራሳቸው ገዙ። ሐጂም የልጅ ልጃቸውን ልከው ደረጃውን አስወጡላቸው።

በዚያው ወር፣ በኖቬምበር 2019፣ ጅቡቲ ብዙ ሰው የማይረሳው ዝናብ ወረደባት። መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት ባወጡት መግለጫ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ጥሏል ተባለ። ጎርፍ ዝቅተኛ ሰፈሮችን አጥለቀለቀ፤ ቤት ፈረሰ፤ የሰው ሕይወትም አለፈ። ወይዘሮዋ በዚያ ሰሞን ውሃ ከገባባቸው ቤቶች የመጡ ሁለት ቤተሰቦችን በሳሎናቸው አሳድረዋል፤ ሕፃናቱ ፍራሽ ላይ ተደርድረው የተኙት ከገንዳው ሥር ነበር። በሰገነታቸውም ላይ ያላቸውን ሳፋና በርሜል ሁሉ ዘርግተው ዝናብ አጠራቀሙ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ግን አልነኩም፤ ዚንክ ሊኖረው ይችላል፣ እርሱም ለዓሣ መርዝ ነው ብሎ ልጁ ከልክሏቸዋልና። የወሰዱት በቀጥታ ከሰማይ የወረደውን ብቻ ነበር። ከተማዋን ያስለቀሰው ውሃ፣ ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃም ነበር።

ዲሴምበር ሲገባ ሙቀቱ በረደ። የገንዳው ውሃ ጥቂት በጥቂት ተለውጦ ጣፈጠ። ሦስቱ ዓሦችም ከማጣሪያው ጀርባ ወጥተው አሸዋውን መዳሰስ ጀመሩ። አንድ ማለዳ ወይዘሮዋ ገንዳውን ሊያዩ ሲቀርቡ በመስታወቱ ላይ የተለጠፉ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ትንሽ የሚበልጡ ነጫጭ ነጥቦች አዩ። ጨው ተመልሶ የመጣ መሰላቸውና ጨርቅ አነሡ። ነገር ግን ነጥቦቹ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ሳይሆኑ ከውሃው በታች ነበሩ። እጃቸውን መልሰው ስልኩን አነሡ።

«እንቁላል ነው፣ እማዬ! አትጥረጊው!» ብሎ ጮኸ ልጁ።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ ወንዞች የዝናብ ወቅት ሲገባ ቀዝቃዛና ጨው ያነሰው ውሃ ይጎርፋል፤ ኮሪዶራስም የመራቢያው ጊዜ መድረሱን በዚያ ያውቃል። እንስቷ በሆዷ ክንፎች መካከል ሁለት ሦስት እንቁላል እየያዘች ትወጣና መስታወት ላይ ትለጥፋለች። የካርቲዬ 2ቱ ዓሦች የተረዱት የጅቡቲን ዝናብ ነው፤ የዘራቸው ትዝታ ግን ወደ ሩቅ ወንዝ ወሰዳቸው።

ወላጆቹ እንቁላሉን መልሰው ስለሚበሉት ወይዘሮዋ መርፌ በለመዱ ጣቶቻቸው እያንዳንዱን ቀስ ብለው ከመስታወቱ እያላቀቁ ወደ አንድ ሳህን አሻገሩት። ወደ 40 ይሆናሉ። ግማሹ በሻጋታ ነጣ። ከአራት ቀን በኋላ ግን የቀሩት ፈለፈሉ፤ ከዓይን ሽፋሽፍት የማይበልጡ ፍጥረታት በሳህኑ ታች ተንቀጠቀጡ። ምግብ በሙቀጫ እየተወቀጠላቸው፣ ውሃቸው በቀን ሁለት ጊዜ እየተቀየረላቸው አደጉ። ለዓቅመ ጉዞ የደረሱት 11 ናቸው። ወደ ትልቁ ገንዳ በገቡ ዕለት ከሦስቱ አዋቂዎች ጋር ተነካክተው፣ ተሰልፈው ሄዱ። ወይዘሮዋ በዚያ ቀን ስፌት አልሰፉም።

ልጁ በ2020 ሊመጣ አስቦ ነበር፤ ኮሮና መንገዱን ዘጋው። የመጣው በጁላይ 2021 ነው። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ከገንዳው ፊት ተንበርክኮ ቆጠረ፤ ስምንት ነበሩ። የቀሩትስ ብሎ ቀና ሲል እናቱ ወደ ምድር ቤት አመለከቱት። ስድስቱ በአነስተኛ ገንዳ ሆነው ከሐጂ ቤት ወርደዋል፤ ባለቤታቸውም ያቺ ጀሪካን ያወጣችላቸው የልጅ ልጅ ናት። ከስድስት ያነሰ አልሰጧትም፤ ብቻቸውን መሆን አይችሉምና።

ያን ዕለት ልጅቷን ቁጭ አድርገው ያስጠኗትን ትምህርት ልጁ ወርዶ ሲጠይቃት በቃሏ ወጣችው። ምግቡ በቀን አንድ ቁንጥር፤ ማጣሪያው በሳሙና አይታጠብም፤ ውሃ ሲጎድልም ዝም ብሎ አይሞላም።

«ታዲያ ምን ይደረጋል?» አላት።

«መጀመሪያ ይቀነሳል» አለች ልጅቷ። «አንድ ነገር ከሆኑም ወዲያው ለእማማ ይነገራል።»